ጉርብትናና የበላይነት፦ አሊዩ አምባ ስለ ዘር አመለካከት የሚያስተምረው

ስለ ዘርና ስለ መልክ ያለን አመለካከት ከአካባቢ አካባቢ እንደሚለያይ ሁሉም ይስማማል። የማንስማማው በምክንያቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የሰዎቹን ጠባይ ያነሣል፤ የዚህ አገር ሰው ተቻችሎ መኖር ያውቃል፣ የዚያኛው ዘር ይቆጥራል፣ የወዲያኛው ደግሞ ሰው ይንቃል ይባላል። በዚህ አነጋገር ክፍለ አገሮች ሁሉ በአንድ መሰላል ላይ ይደረደራሉ፤ ቻዮቹ ከላይ፣ ዘረኞቹ ከታች። የዚህ ጽሑፍ ክርክር መሰላሉ ራሱ የተሳሳተ ነው የሚል ነው። አንድ አካባቢ በአንዱ ዓይነት ልዩነት ላይ ልበ ሰፊ፣ በሌላው ላይ ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ ያውም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሰው ልብ ውስጥ። ይህን የሚወስነው የሕዝቡ ተፈጥሮ አይደለም፤ ኑሮ ሰውን ከሰው ያገናኘበት መንገድ ነው። ልዩ ልዩ ሰዎች የየራሳቸውን ይዘው በልውውጥ በተገናኙበት ቦታ ልዩነት የጎንዮሽ ሆኖ ይቀራል። አንዱ የሌላውን መሬት ወይም ጉልበት በያዘበት ቦታ ግን ልዩነት ወደ ተዋረድ ይለወጣል። የመጀመሪያው ጉርብትናን፣ ሁለተኛው የበላይነትን ይወልዳል። ይህን ለመመርመር አሊዩ አምባ የተመቸች ናት፤ ሁለቱም በእሷና በአካባቢዋ ጎን ለጎን ኖረዋልና።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ተራሮች በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ትገኛለች። ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዞን በአንኮበር ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የመንግሥቱ የውጭ ንግድ በር ነበረች። ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚደርሰው ወደ እሷ ነበር። ግመል የአንኮበርን ዳገት ስለማይወጣ ጭነቱ በይፋት ቆላ ከግመል ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወራል። ከቆላ ጨው፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅ፣ መዳብና ዶቃ ይመጣል፤ ከደጋው እህልና በቅሎ፣ ከደቡብና ከምዕራብ ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል። ሚስዮናዊው ክራፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ፣ እንዲሁም በማግሥቱ ዓመት በከተማዋ የተቀመጠው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ስለዚህች አገር ጽፈው አልፈዋል። ከእነሱ ጽሑፍ የሚወጣው ሥዕል ግልጽ ነው፤ በዓርብ ገበያዋ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና ሐረሪው ይገናኛሉ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይበደራል፣ ያበድራል።

የዚህ ገበያ ሰላም ከደግነት ብቻ የመጣ አልነበረም። ሥራው ሁሉንም ፈላጊና ተፈላጊ አድርጓቸው ነበር። ያለ አፋሩ በረሃውን የሚያሻግር፣ ግመል የሚያቀርብ፣ ውኃ ያለበትን የሚያውቅ አልነበረም። ያለ አርጎባው ነጋዴና ሸማኔ የቆላውንና የደጋውን ቋንቋ አስማምቶ ገበያውን የሚያያይዝ ሰው አይገኝም። ያለ ደጋው ገበሬ እህል የለም፤ ያለ ሐረሪው ደግሞ ከምሥራቁ ንግድ ጋር ያለው ትስስር ይላላል። አንዱ የሌላውን ሥራ በቀላሉ ነጥቆ ሊሠራው ስለማይችል ጠላትነት ለሁሉም ኪሳራ ነበር። አገዛዙም ይህንኑ ተከትሎ ነበር። ይፋትን ለክርስቲያኑ ንጉሥ የሚያስተዳድረው፣ መቀመጫውን በጎንቾ ያደረገው ወላስማ መሐመድ ሙስሊም ነበር፤ ትውልዱንም በመካከለኛው ዘመን የይፋትን ሡልጣኔት ከገዙት ወላስማዎች ይቆጥር ነበር። የሩቅ አገር ጥናትም ይህን ይደግፋል። ሳውሚትራ ጃ የተባለ ምሁር የሕንድን ከተሞች አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት፣ በመካከለኛው ዘመን ሂንዱና ሙስሊም በባሕር ንግድ የተደጋገፉባቸው የወደብ ከተሞች ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ከሌሎች ይልቅ የሃይማኖት ብጥብጥ ያነሰባቸው እንደነበሩ አሳይቷል። ለሰላሙ መሠረት የሆነው ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን የሚያሟላ ሥራ መያዛቸውና ያንን ሥራ የሚጠብቅ ተቋም ማቆማቸው ነበር።

በይፋት የነበረውን ልዩነት የጎንዮሽ ያሰኘው ወሰን አለመኖሩ አይደለም፤ ወሰኑ ከሁለቱም በኩል እኩል መከበሩ ነው። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። ጋብቻም በአብዛኛው በየሃይማኖቱ ይቀራል። ከውጭ ለሚያይ ይህ መራራቅ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ያስቀመጠበት ሥርዓት አይደለም። እያንዳንዱ ለራሱ ሕግ ሲል ይከለከላል እንጂ ጎረቤቱ ከሰው በታች ነው ብሎ አይከለክለውም። ስለዚህ የአንድን አካባቢ አመለካከት ስንመዝን ሰዎቹ ምን ያህል ይራራቃሉ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ርቀቱ ከሁለቱም ወገን እኩል ነው ወይስ አንዱ ብቻ ነው ደጅ የሚቆመው? እውነተኛው ጥያቄ ይህ ነው።

ይኸው ገበያ ግን ሌላ ፊት ነበረው። ከአሊዩ አምባ አጠገብ ዓብዱል ረሱል የሚባል የባሪያ ገበያ ነበር። ከኦሮሞ፣ ከጉራጌና ከዚያ ማዶ ካሉ የደቡብና የምዕራብ አገሮች በጦርነትና በአፈና የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት እንደ ሮጌ ባሉ ገበያዎች አልፈው እዚህ ይደርሳሉ፤ ከዚህም በበረሃው በኩል ወደ ታጁራና ወደ ዓረብ አገር ይወሰዳሉ። በሸዋ ለክርስቲያኖች ባሪያ መነገድ ተከልክሎ ነበር፤ ገዝቶ ማሠራት ግን አልተከለከለም። ንግዱን የያዙት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ንጉሡም ከሚያልፈው ቀረጥ ያገኙ ነበር። በእምነት የሚለያዩትና በጎንዮሽ የተከባበሩት ወገኖች በሦስተኛው ሰው ላይ ተስማምተዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ መልክ ዋጋ ሆነ። ቀይ፣ ጠይምና ጥቁር የሚለው መለያ የሰው ፊት መግለጫ ከመሆን አልፎ የገበያ ሚዛን ሆነ፤ ከምዕራቡ ጠረፍ የመጣው ጥቁር ሰው ለከባድ ሥራ የተፈጠረ ተደርጎ ተቆጠረ። ይህን ያመጣው ስለ ጥቁር መልክ ከጥንት የወረደ ጥላቻ አይደለም። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር፤ መጀመሪያ ሰው ተሸጠ፣ ከዚያ መሸጡን የሚያስረዳ ንቀት ተከተለ።

ይህ ቅደም ተከተል በሌላውም ዓለም ታይቷል። አሜሪካዊው የፖለቲካ ተመራማሪ ቪ. ኦ. ኪ እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ባሳተመው መጽሐፍ፣ የነጭ የበላይነት ፖለቲካ ከሁሉ ይልቅ የጠነከረው ጥጥ ይመረትባቸው በነበሩና ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩባቸው ወረዳዎች መሆኑን አሳየ። ባሪያ ያልበዛበት ኮረብታማ አገር በዚያው ሕግ፣ በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ሃይማኖት ውስጥ ሆኖ የተለየ መንገድ ይከተል ነበር፤ ተራራማው ዌስት ቨርጂንያ እ.ኤ.አ. በ1863 ከቨርጂንያ ተገንጥሎ ከሰሜኑ ጋር እስከ መቆም ደርሷል። አቪዲት አቻርያ፣ ማቲው ብላክዌልና ማያ ሴን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1860 ባሪያ በበዛባቸው ወረዳዎች የሚኖሩ ነጮች ዛሬም ስለ ጥቁሮች የጠነከረ ቅሬታ እንደሚታይባቸው አሳይተዋል። ኮረብተኛው በጠባዩ ደግ ስለሆነ አይደለም። የሚያስጠብቀው የበላይነት አነስተኛ ስለነበር ነው።

በእኛም አገር ካርታውን ብንዘረጋ ይኸው መስመር ይታያል። ከይፋት ቆላ ወደ ደጋው ሲወጣ የንግዱ ቦታ በርስት ይተካል። በርስት አገር ክብር የሚገኘው ከመሬት ነው፤ መሬት የሌለው ሰው ምንም ጥበብ ቢኖረው ከክብር ውጭ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ፋቂው ደገኛው ያለ እነሱ ማረስ፣ ማብሰልና መልበስ የማይችል ሆኖ ሳለ ቡዳ ተባሉ፤ ከጋብቻም ተገለሉ። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤሎች ርስት ተነፍገው ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ሥራ ተገፉ፤ የተገፉበት ሥራም መልሶ መናቂያቸው ሆነ። ንቀቱ እጅግ ሥር ስለሰደደ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ብንሄድ በከፋ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች በአደንና በከሰል ሥራ የሚታወቁ ነበሩ፤ ወደ ሌላው ቤት መግባት፣ በአንድ ዋንጫ መጠጣትና ከሌላው መጋባት በልማድ ተከልክለው ኖረዋል፤ ልማዱም ገና አልጠፋም። በጎንደር፣ በሰሜን ሸዋ ደጋና በከፋ የተናቀው ሰው መልኩም፣ ቋንቋውም፣ እምነቱም የተለያየ ነው። ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ርስትና ሥልጣን ከያዘው በታች መቀመጣቸው ነው።

በዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ ይህ ሁሉ የሥራና የእምነት ጉዳይ ነው፤ በቆዳ ቀለም ሰውን መለየት የአውሮፓ ፈጠራ ነው፤ በዓድዋ የነጭን የበላይነት የሰበረ ሕዝብ በዚህ ሊከሰስ አይገባም። ዓድዋ ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሰጠው ክብር እውነት ነው፤ ማንም ሊቀንሰው አይችልም። ነገር ግን በውጭ ለእኩልነት መዋጋት በውስጥ እኩልነት መኖሩን አያረጋግጥም። በጋምቤላ አኙዋኩና ኑዌሩ ከደጋ ከመጣው ሰው ጋር ያላቸው ልዩነት በቀይና በጥቁር ቀለም ይነገራል። ልዩነቱ በደም የታተመበት ጊዜም አለ፤ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በርካታ አኙዋኮች ተገድለዋል። የቀለም መለያ በጠረፍ እንዲህ ጎልቶ በመሐል አገር የደበዘዘው የመሐሉ ሰው ስላልተማረው አይደለም፤ ባሪያ የተፈነገለው፣ ጦር የዘመተውና አስተዳዳሪ የተላከው ወደዚያ ስለነበር ነው። የቤተ እስራኤሎች ታሪክ ይህን ይበልጥ ያጠራዋል። በጎንደር ሳሉ መልካቸው ከጎረቤታቸው አይለይም ነበር፤ የተናቁት በሥራቸውና በእምነታቸው ነው። ወደ እስራኤል ሲሄዱ እምነታቸው የአገሩ እምነት ሆነ፤ አሁን ደግሞ በጥቁርነታቸው ተለዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በስውር ይጣል እንደነበር ሲሰማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለተቃውሞ ወጡ። ከዚህም በላይ፣ ራሳቸው በጎንደር የተናቁ ሳሉ በመካከላቸው የባሪያ ዘር ነው ብለው የሚለዩት ወገን እንደነበረ ምሁራን መዝግበዋል። ያው ሰው ቦታው ሲለወጥ የሚናቅበት ምክንያት ተለወጠ፤ የተናቀውም ሰው በተራው ሌላውን ሲንቅ ተገኘ። እንግዲህ ንቀት የአንድ ሕዝብ ጠባይ ሳይሆን የቦታና የአቀማመጥ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሃይማኖትን ያነሣል፤ አመለካከትን የሚቀርጸው ሰው የሚያምነው ትምህርት ነው ይላል። ትምህርት ኃይል እንዳለው አይካድም። ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ በየቦታው ከተለያየ መልሱ ትምህርቱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሣህለ ሥላሴ ክርስቲያን ሆነው ይፋትን ለሙስሊም ሹም አስረከቡ፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ያንኑ ክርስትና ይዘው የወሎ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ። ወንጌሉ አልተለወጠም፤ የመንግሥቱ ፍላጎት ግን ተለውጧል። ሣህለ ሥላሴ የፈለጉት ንግድና ቀረጥ ነበር፤ ዮሐንስ የፈለጉት አንድ ወጥ የሆነ መንግሥት ነበር። በሌላ በኩል የአሊዩ አምባ ሙስሊም ነጋዴ ሃይማኖቱን ሳይለውጥ ለጎረቤቱ ታማኝ፣ ለዓብዱል ረሱሉ ምርኮኛ ጨካኝ ሆኖ ኖሯል። ሃይማኖት ሰዎች የሚጠቅሱትን ቃል ይሰጣል፤ የትኛውን ቃል በማን ላይ እንደሚጠቅሱ ግን ኑሮና ሥልጣን ብዙ ጊዜ ይወስኑታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። የገበያ ጉርብትና ይህን ያህል ጽኑ ከሆነ፣ በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የሰሜን ሸዋዋ ከተማ አጣዬ እንዴት ተቃጠለች? በይፋትና በአጎራባቹ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ትውልድ የተዋለደ ጎረቤት እንዴት ተገዳደለ፣ እንዴት ተፈናቀለ? ለዚህ የሚሰጥ መልስ የሞቱትን ሁሉ አክብሮ መጀመር አለበት፤ ሐዘኑ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረምና። ነገር ግን ተቃውሞው ክርክሩን አያፈርሰውም። ጉርብትናውን ያቆመው ልውውጥ ከሆነ፣ ልውውጡ ሲዳከም ጉርብትናውም መላላቱ የሚጠበቅ ነው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ የመንግሥቱ መቀመጫ ከአንኮበር ራቀ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የሲራራው መንገድ ፋይዳውን አጣ፤ አሊዩ አምባም ከንግድ በርነት ወደ ወረዳ ገበያነት ወረደች። በኋላ የገበያው ሕይወት ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ወደሚገኙት እንደ ሸዋ ሮቢት ያሉ ከተሞች ዞረ። በቆላው ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ጉዳይ ቀስ በቀስ ጨውና ጨርቅ መሆኑ ቀርቶ የእርሻ መሬት፣ የግጦሽና የውኃ ሆነ፤ በእነዚህ ላይ ደግሞ ሰዎች አንዱ የሌላውን የሚያሟሉ ሳይሆኑ አንድ ነገር የሚሻሙ ናቸው። በዚህ ላይ አስተዳደር በብሔር ወሰን ሲከለል መሬትና ሥልጣን በማንነት የሚጠየቅ ሆነ፤ የጎንዮሹ ልዩነት «ማን የበላይ ይሁን?» ወደሚል ጥያቄ ተገፋ። ይህ የግድያው ምክንያት ሁሉ ነው ማለት አይደለም፤ ጠመንጃ ያነሣ፣ ያደራጀና ያቀጣጠለ ሁሉ የራሱ ተጠያቂነት አለበት። ነገር ግን አንድ አካባቢ ተቻችሎ መኖርን እንደ ተፈጥሮው ለዘላለም ይዞት ይኖራል ብሎ መተማመን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳያል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። አመለካከት ከኑሮ ከተወለደ፣ ኑሮው ሲለወጥ ለምን አብሮ አይሞትም? ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ጨርሶ ተሻረ። ሆኖም ዛሬም ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት የሚቆጠርበት ቤት አለ። እውነት ነው፤ ንቀት ከወለደው ሥርዓት በላይ ይኖራል፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ፎይግትሌንደርና ፎት የተባሉ ተመራማሪዎች በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1348 በመጣው ወረርሽኝ ጊዜ አይሁድ የተጨፈጨፉባቸው ከተሞች ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም ከሌሎቹ የበረታ ፀረ አይሁድነት እንደታየባቸው አግኝተዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት ውርሱ የደበዘዘባቸው ቦታዎችም አሉ፤ እነሱም ለሩቅ ንግድ ክፍት የነበሩ ከተሞችና ከውጭ በሚመጣ ሕዝብ በፍጥነት ያደጉ ከተሞች ናቸው። በእኛም አገር አዋጅ ብቻውን ልብን አልለወጠም፤ ምክንያቱም ነፃ የወጣው ሰው በአብዛኛው መሬት አልነበረውም። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ክርስቲያን ወንድሞቻቸውን አስከትለው እኩልነት ሲጠይቁ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ ከርስት ውጭ የነበረው ሙስሊም፣ ባለሙያና የባሪያ ልጅ በሕግ ፊት ከባለርስቱ ጋር እኩል የሚቆምበት መሠረት ተጣለ። በከፋ እንደታየው መሬት ማግኘት ብቻውን ማዕዱንና ጋብቻውን አልከፈተም። ስለዚህ የኑሮ ለውጥ የግድ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በትምህርት ቤቱ አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ በዕድሩ እኩል ማዋጣትና እኩል መቀበር፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ያለ ልዩነት መስተናገድ አብረው መምጣት አለባቸው።

ይህ አስተሳሰብ ከተያዘ ሥራችን ይለወጣል። ክፍለ አገሮችን ቻይና ዘረኛ ብሎ መደርደር ራሱ ዘር መቁጠር ነው፤ የይፋትን ሰው ማወደስም ሆነ የሌላውን መውቀስ ችግሩን ከቦታው አያነሣውም። በዚያ ፈንታ በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ በገበያው ሰዎች እኩል ይገበያያሉ? በማዕዱ ማን ነው ደጅ የሚቀረው? በጋብቻውስ የማን ልጅ ነው ስለ አጥንቱ የሚጠየቀው? አሊዩ አምባ የመጀመሪያውን ጥያቄ በጎረቤቶቿ መካከል በክብር መልሳ፣ በዓብዱል ረሱሉ ምርኮኛ ፊት ግን ወድቃለች፤ ማንኛውም አካባቢ እንዲሁ የሚያኮራም የሚያሳፍርም መልስ ይኖረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው በዘሩ፣ በቀለሙና በትውልዱ እንዳይለይ ይደነግጋል። ድንጋጌው በይፋት የሚሠራው አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ በግጦሽና በውኃ ላይ በሚደርሱት ስምምነት፣ ገበያው ለሁሉም ክፍት ሆኖ በሚጠበቅበት መንገድና በወሰን ፈንታ ጥቅም በሚጋራ አስተዳደር ነው። በከፋና በጋምቤላ የሚያስፈልገው ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ መጀመር ያለበት ለዘመናት ከታች የተቀመጠው ሰው በመሬት፣ በትምህርትና በሹመት ወደ እኩልነት ከሚመጣበት ነው። ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የመቻቻል ስብከት መስበክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጉርብትና ያለበትን ቦታ መጠበቅና የበላይነት ያለበትን ቦታ ማፍረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ለይቶ ማወቅ የእኛ ትውልድ ዕዳ ነው።